የተመረመሩበት ኪት ሲሰበሰብ ውጤቱ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የታይሮይድ ሆርሞን ስለሚያንሰኝ ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ። ከሁለት ወር በፊት ተመርምሬ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ 7.8 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሜ መድኃኒቱን ከ75 ወደ 100 ማይክሮግራም ከፍ አደረገልኝ። ባለፈው ሳምንት ከላብራቶሪው ተደወለልኝ። «ምርመራዎ የተሠራበት ኪት በአምራቹ እየተሰበሰበ ስለሆነ መጥተው ድጋሚ ደም ይስጡ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላብራሩልኝም። ውጤቴ ውሸት ነበር ማለት ነው? መድኃኒቱን ላቁመው? ያን ቀን የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራም ተሠርቶልኛል፤ እሱስ ይታመናል? ላብራቶሪውስ ኪቱ ችግር እንዳለበት እንዴት ሳያውቅ ቀረ?

ምላሽ፦ መድኃኒቱን አያቁሙ። ከዚህ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ወደ 75ም በራስዎ አይመልሱት።

ሌቮታይሮክሲን ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው። ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ድጋሚ ምርመራው እስኪደርስ ጥቂት ቀናት በያዙት መጠን መቆየት አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። በግምት ከፍ ዝቅ ማድረግ ግን ቀጣዩንም ውጤት ያበላሸዋል። ከዚህ የሚለየው አንድ ሁኔታ አለ። ልብዎ ያለ ምክንያት የሚመታ፣ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ እምቢ ያለዎት ወይም ሳያስቡት ክብደት የቀነሱ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይደውሉ። መጠኑ በዝቶብዎት ሊሆን ይችላል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ እየሞከሩ ከሆነም እንዲሁ፤ ቀጠሮ አይጠብቁ። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ደግሞ ከስልክ በፊት ድንገተኛ ክፍል ይቀድማል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። «ኪቱ ተሰበሰበ» ሲባል ሰው ቶሎ ብሎ የሚያስበው «የእኔ ውጤት ውሸት ነው» ብሎ ነው። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እንደዚያው አስብ ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። መሰብሰብ የሚነገረው ስለ አንድ የምርት ዙር ነው እንጂ ስለ አንድ ሰው ውጤት አይደለም። ኪት ማለት ሣጥን ነው። ውስጡ ሪኤጀንቶች፣ ማለትም ለምርመራው የሚያገለግሉ ኬሚካሎች አሉ፤ መሣሪያውን የሚያስተካክል ካሊብሬተር የሚባል ፈሳሽም ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። ሣጥኑ ላይ ሎት ቁጥር ተጽፏል። አምራቹ በአንድ ጊዜ ያመረተው ሁሉ አንድ ሎት ቁጥር ይይዛል። ችግር ሲገኝ የሚጠራው ያ ሎት ነው። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሎት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ፈሳሹ ውስጥ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ይሆናል። የመጠቀሚያ ጊዜው በስህተት ታትሞ፣ መመሪያው ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ ተዘሎ። እሱም ያው በአንድ ስም ነው የሚጠራው።

ለዚህ ነው ተቆጣጣሪዎች ደረጃ የሚያወጡለት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍዲኤ፣ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ሲታመን የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ጊዜያዊ ወይም ሊድን የሚችል ጉዳት ሲያሰጋ ነው። ሦስተኛው ደንብ ተጥሷል እንጂ ሰው የሚጎዳ አይመስልም የሚባልበት ነው። ልብ ይበሉ፣ ኪቱ ከመደርደሪያ ሳይነሳም መሰብሰብ፣ በእንግሊዝኛው «ሪኮል»፣ ሊባል ይችላል። የአጠቃቀም መመሪያው ብቻ ተስተካክሎ እዚያው የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ላብራቶሪው ሲደውልልዎ ያልነገረዎት ነገር ከነገረዎት ይበልጣል። ቸኩለው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ነው የሚደውሉለት። ግን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ምን እንደሚጠየቅ ለማወቅ ደብዳቤው ምን እንደሚመስል ቢያዩት ጥሩ ነበር። አምራቹ ለላብራቶሪዎች የሚልከው አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። የምርቱ ስም፣ የካታሎግ ቁጥር፣ የሎት ቁጥሮች፣ ከዚያ «ምን ተገኘ» የሚል አንቀጽ፣ ከዚያ «ምን ታደርጋላችሁ» የሚል። መጨረሻ ላይ ፈርሞ የሚመለስ ቅጽ አለ። እኔ የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤ በደረሰን ቀን መጀመሪያ የማደርገው ሳነብ መቀመጥ አይደለም። የሎት ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጽፌ ወደ ማቀዝቀዣው እሄዳለሁ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሉትን ሣጥኖች አንድ በአንድ እያወጣሁ አያለሁ። የተጠራው ሎት ከሆነ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። አይጣልም። አምራቹ ሊፈልገው ይችላል። ከዚያ የምርመራ መዝገቡ ይከፈታል። ያ ሎት መቼ ተከፈተ፣ መቼ አለቀ፣ በመሃል የማን የማን ደም ተሠራበት? ስምዎ የወጣው ከዚያ ዝርዝር ነው።

«ምን ተገኘ» የሚለው አንቀጽ ውስጥ እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ከፍ ወይስ ዝቅ? ኪቱ የሚዋሸው ወደ የት ነው? ሁሉም ነገር ከዚህ ይመነዘራል። ሁለት የታወቁ ጉዳዮችን ላንሳልዎ።

የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ የሆነ ነው። ማጄላን ዲያግኖስቲክስ የሚባል ኩባንያ ሊድኬር የሚባል፣ በደም ውስጥ ያለ እርሳስን የሚለካ መሣሪያና ኪት ይሠራል። የምልዎት የሚጻፍበትን እርሳስ ሳይሆን ብረቱን፣ ሊድን ነው። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከደም ሥር በተቀዳ ደም ሲሠራ መሣሪያው ከትክክለኛው ያነሰ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል አለ። ኋላ ላይ እንደታወቀው፣ ከደም መቅጃው ቲዩብ የላስቲክ ክዳን የሚወጣ ኬሚካል እርሳሱን እየያዘ መሣሪያው እንዳያየው ያደርግ ነበር። አሁን ማን ድጋሚ ይመርመር? የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ሁሉም ልጅ ይምጣ አላለም። በማስጠንቀቂያው ወቅት ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ፣ በእነዚያ መሣሪያዎች ከደም ሥር ተቀድቶ የተሠራላቸው፣ ውጤታቸውም በዴሲሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች የነበረ ልጆች ነበሩ የተጠሩት። እርጉዝና የሚያጠቡ እናቶችም ታስበዋል። ለምን ከ10 በታች? ኪቱ የሚዋሸው ወደ ታች ስለሆነ ነው። ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ውጤት የነበረው ልጅ ክትትል ውስጥ ገብቷል፤ እውነተኛው ቁጥር ቢብስ እንጂ አይሻልም። የሚያሰጋው «ደህና ነው» ተብሎ የተሸኘው ነው።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደማቸው ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያውቁበት አይኤንአር የሚባል ቁጥር አለ። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ኤፍዲኤ ኮአጉቼክ ለሚባለው የሮሽ መሣሪያ የሚያገለግሉ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ፓኬት ስትሪፖች (ደም የሚነካባቸው የመመርመሪያ ቁራጮች) መሰብሰብን አንደኛ ክፍል አለው። ስትሪፖቹ ቁጥሩ ከ4.5 ሲያልፍ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ያነቡ ነበር። ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል? ፋብሪካው ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ አይደለም። ስትሪፖቹ አዲስ ዓለም አቀፍ መለኪያን መሠረት አድርገው እንደገና ተስተካክለው ነበር፤ ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው ተባለ። ሚዛኑ ደህና ሆኖ ኪሎው ሲጎድል ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የሚያሰጋው «ደምህ በጣም ቀጥኗል» ተብሎ ዋርፋሪን የተቀነሰበት ሰው ነው። ደሙ ሊረጋ ይችላል። 2 ወይም 2.5 ያነበበ ሰው ግን ከችግሩ ክልል ውጭ ነው። ስትሪፑ ከተጠራው ሎት ቢሆንም እንኳ።

አሁን ወደ እርስዎ 7.8። ብዙ ላብራቶሪዎች የቲኤስኤችን ጤነኛ ክልል ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ያደርጉታል። ቲኤስኤች ራሱ አእምሮ ውስጥ ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ የምትልከው ሆርሞን ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል «የታይሮይድ ሆርሞን አነሰኝ» እያለች እየጮኸች ነው ማለት ነው። ሐኪምዎም ለዚያ ነው መጠኑን የጨመረው። እስቲ አብረን እናስላ።

ኪቱ የሚዋሸው ወደ ታች ከነበረ፣ እውነተኛው ቁጥርዎ ከ7.8 በላይ ነበር። መጠኑ መጨመሩ ልክ ነበር። ምናልባትም አልበቃም። ወደ ላይ የሚዋሽ ሆኖ ስህተቱ አሥር በመቶ ከነበረ፣ እውነተኛው 7.1 ገደማ ነው። ውሳኔው አይለወጥም። ስህተቱ ሃምሳ በመቶ ቢሆን እንኳ 5.2 ነው፤ አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ ሐኪምዎ ግን ምናልባት በግማሽ ብቻ ይጨምር ነበር። እጥፍ አድርጎ ካነበበ ደግሞ 3.9። ያኔ መድኃኒቱ መጨመር አልነበረበትም። አዩ? ሎቱ ያው አንድ ነው። መልሱ ግን ከ«ምንም አልሆነም» እስከ «መጠኑን እንቀንስ» ድረስ ይሄዳል። ለዚህ ነው «ተሰበሰበ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም የማይነግርዎት።

ላብራቶሪው እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ስድብ ነው የሚሄደው።

የቲኤስኤች ምርመራ እንደ ሳንድዊች ነው የሚሠራው። ከታች አንድ ፀረ እንግዳ አካል ቲኤስኤችን ይይዛል። ከላይ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይቀመጣል። ይህኛው ብርሃን የሚሰጥ ምልክት ተሸክሟል። ብዙ ቲኤስኤች ካለ ብዙ ሳንድዊች ይሠራል፤ ብዙ ብርሃን ይወጣል። መሣሪያው ብርሃኑን ለክቶ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ስንት ብርሃን ስንት ቁጥር እንደሆነ የሚነግረው ካሊብሬተሩ ነው። ስለዚህ ፀረ እንግዳ አካሉ ቢደክም፣ ምልክቱ ቢፈዝ፣ ካሊብሬተሩ ላይ የተሳሳተ ዋጋ ቢጻፍበት ወይም ሣጥኑ በመንገድ ላይ ሙቀት ቢመታው ቁጥሩ ይዛባል። መሣሪያው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጥሩን ያወጣል። ፊቱ ላይ አይታይበትም።

ይህን ለመያዝ ላብራቶሪ በየቀኑ ኮንትሮል ይሠራል። ኮንትሮል ማለት ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ ነው። ውጤቱ ገበታ ላይ ይነጠባል። ነጥቡ ከተፈቀደው መስመር ከወጣ የበሽተኛ ውጤት አይለቀቅም። አዲስ ሎት ሲመጣም የተወሰኑ የበሽተኛ ናሙናዎች በአሮጌውም በአዲሱም ተሠርተው ይነጻጸራሉ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ምንም የሚያመልጥ አይመስልም።

ግን ያመልጣል። ዋናው ምክንያት ኮንትሮሉ የሰው ደም አለመሆኑ ነው። በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ ማቆያ የተጨመረበት፣ ብዙ ጊዜም ደርቆ የሚመጣ ፈሳሽ ነው። ኪቱ ለሱ የሚሰጠው ምላሽና ለእርስዎ ደም የሚሰጠው ምላሽ ሊለያይ ይችላል። የሊድኬሩን ነገር ያስታውሱ። ጥፋቱ ያለው ቲዩቡ ክዳን ላይ ነው። ኮንትሮሉ ግን በራሱ ብልቃጥ ነው የሚመጣው፤ ያን ክዳን ነክቶት አያውቅም። በምን ይያዝ? ሎት ማነጻጸሩም ቢሆን የሚሠራው ሣጥኑ በመጣ ቀን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀስ እያለ የሚደክም ሪኤጀንት ያን ቀን ንጹሕ ነው።

አንድ ጊዜ እኛ ቤት የሆነውን ልንገርዎ። የሌላ ሆርሞን ምርመራ ነው። ኮንትሮላችን ለሳምንታት መሃል መስመር ላይ ተኝቷል፤ የሚያምር ገበታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሐኪም ደወለ። «ይሄ ሦስተኛ ሰው ነው» አለኝ። «ወረቀታችሁ የሚለውና ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው አይገናኙም።» እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተቆጣሁ። ገበታዬን አሳየዋለሁ ብዬ አወጣሁት። ከዚያ ግን ያለፉትን ሳምንታት የበሽተኞች ውጤት አንድ ላይ ደርድሬ አማካዩን ሳይ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጥቷል። ኮንትሮሉ ተኝቷል፤ ሰዎቹ እየወጡ ነው። ናሙናዎቹን ወደ ሌላ ላብራቶሪ፣ በሌላ አምራች ኪት እንዲሠሩ ላክን። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ለአምራቹ ጻፍን። መሰብሰቡ ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ ነው የተነገረው፤ ከሌላም ቦታ ተመሳሳይ ቅሬታ ደርሷቸው ነበርና። ከዚያ ወዲህ የበሽተኞችን አማካይ በየሳምንቱ አያለሁ። የሐኪም ስልክም አያናድደኝም።

አንዳንዴ ደግሞ መዘግየቱ የአምራቹ ነው። ከላይ ያነሳሁት ማጄላን በ2024 እ.ኤ.አ. የመሣሪያዎቹን ጉድለት በመደበቁ ጥፋተኛነቱን ለማመንና 42 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የላብራቶሪው ጥፋት ነው አይበሉ። እንደውም ከሁለት ወር በፊት የተሠራላቸውን ሰዎች ስም ፈልጎ የሚደውል ላብራቶሪ ሥራውን ያወቀ ነው። ደብዳቤውን ፋይል አድርጎ ዝም የሚል አለና።

የስኳርና የኮሌስትሮል ውጤትዎ? አይጨነቁበት። ሁለቱም በኤንዛይም የሚሠሩ ናቸው። ሪኤጀንታቸው ሌላ፣ ሎታቸው ሌላ ነው። የቲኤስኤች ሣጥን ቢበላሽ እነሱን አይነካም። የሚነካቸው ጥፋቱ የጋራ ነገር ላይ ከሆነ ነው፤ ማለትም ቲዩቡ ላይ ወይም መሣሪያው ራሱ ላይ። ለእርስዎ የተነገረዎት «ኪቱ» ስለሆነ ይህ አይመስለኝም። ያን ቀን ፍሪ ቲ4 የሚባለው፣ የታይሮይድ ሆርሞኑን ራሱን የሚለካው ምርመራም ተሠርቶልዎት ከሆነ ግን ስለሱ ለይተው ይጠይቁ።

አሁን ድጋሚ ምርመራው ላይ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ነገ የሚሰጡት ደም የድሮው ውጤት ትክክል መሆን አለመሆኑን አይነግርዎትም። እርስዎ ከሁለት ወር በፊት የነበሩት ሰው አይደሉም፤ 100 ማይክሮግራም ሲወስዱ ከርመዋል። ነገ ቲኤስኤችዎ 2 ቢወጣ «ያኔም ደህና ነበርኩ» ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ሠርቶ ይሆናል። የድሮውን ውጤት መፈተሽ የሚቻለው የድሮው ናሙና ካለ ብቻ ነው። ብዙ ላብራቶሪ ናሙናን የሚያቆየው ለቀናት፣ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ገደማ ነው። ያቀዘቀዙት ካለ ግን ዕድለኛ ነዎት፤ «በረዶ ያደረጋችሁት የእኔ የደም ናሙና አለ?» ብሎ መጠየቅ አይጎዳም።

የድሮው ባይገኝም ደግሞ ብዙ አያስቆጭም። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎት ጥያቄ «100 ማይክሮግራም ለእኔ ልክ ነው ወይ?» የሚል ነው። መጠን ከተለወጠ በኋላ ቲኤስኤች እስኪረጋ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። እርስዎ ሁለት ወር ሞልተዋል። ኪቱ ባይሰበሰብም ለመመርመር ትክክለኛው ጊዜ አሁን ነበር።

ሲሄዱ ጠዋት ይሂዱ። ቲኤስኤች ማታና ንጋት ላይ ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል፤ ከተቻለ ባለፈው በሰጡበት ሰዓት ቢሆን ማነጻጸር ይቀላል። የዕለቱን ክኒን ደም ከሰጡ በኋላ ይዋጡ። ፍሪ ቲ4ም አብሮ እንዲሠራ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ወዲያው ያስታውቃል።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚባል ቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ይህን አይዝለሉት። ብዙዎቹ ውስጥ ባዮቲን አለ፤ መጠኑም አንዳንዴ ከፍተኛ ነው። ብዙ ኪቶች ሳንድዊቹን የሚያጣብቁት በባዮቲን ስለሆነ፣ ደምዎ ውስጥ የተረፈው ባዮቲን ቦታውን ይሻማል። ቲኤስኤች በሐሰት ዝቅ ይላል፤ ፍሪ ቲ4 በሐሰት ከፍ ይላል። ወረቀቱን ያየ ሰው «መድኃኒቱ በዝቶብሻል» ይላል። ኤፍዲኤ በ2017 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ አስጠንቅቋል። ለታይሮይድ ምርመራ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ማቆም ይመከራል፤ በጣም ከፍተኛ መጠን የሚወስዱ ከሆነ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ከተበላሸ ኪት ወጥቶ ደህና ኪት ላይ በቫይታሚን መሳሳት ያናድዳል።

ነገ ሲደውሉ ስልኩን ላነሳው ሰው እንዲህ ይበሉት፦ «የእኔ ምርመራ የተሠራበት ሎት ቁጥር ስንት ነው? ደብዳቤው ውጤቱ ከፍ ይላል ነው ወይስ ዝቅ ይላል የሚለው? በስንት በመቶ? 7.8 ላይም ይታያል ወይስ በሌላ ክልል ብቻ? አዲሱ ምርመራስ በየትኛው ኪት ነው የሚሠራው?» ስልክ ያነሳው ሰው ካላወቀ የላብራቶሪውን ኃላፊ ይጠይቁ። ደብዳቤው እጁ ላይ ነው። ድጋሚ ምርመራውን እንዲያስከፍሉዎትም አይጠበቅም፤ ቢጠይቁዎ አስቀድመው ይከራከሩ። መልሶቹን በወረቀት ጽፈው ከአዲሱ ውጤት ጋር ለሐኪምዎ ይስጡት። ወደ ላይ የሚዋሽ ሆኖ ከተገኘና አዲሱ ቲኤስኤች ከ0.4 በታች ከወረደ፣ ወደ 75 ወይም ወደ 88 ይመልስዎት ይሆናል። በክልሉ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የያዙትን 100 እየዋጡ ይቀጥላሉ።